ከሪፖርቱ የቀረው ጉድጓድ

«እስኪ ሌላ ጉድጓድ እንሞክር፤ ከዚያ ወዲያ፣ ከፍ ካለው ቦታ።» መሬት ሲመረመር ከባለቤቱ አፍ የሚወጣ ተራ ንግግር ነው። ቁጣ የለበትም፣ ጉቦ የለበትም፣ ማስፈራሪያም የለበትም። እኔን ግን ይከነክነኛል። የሚከነክነኝ ደግሞ ጥያቄው ትክክል ስለሆነ ነው። አፈር በጥቂት ሜትር ልዩነት ጠባዩን ይለውጣል፤ ሁለተኛ ጉድጓድ መቆፈርም የጠንቃቃ ባለሙያ ሥራ ነው። ታዲያ የሙያው ትልቁ ውሸት ለምን ከዚህ ንጹሕ ጥያቄ ሥር ያድራል?

ስለ ሥነ ምግባር ሲወራ ቶሎ የሚመጡልን የተፈበረከ ቁጥርና በፖስታ የተቀበለ ገንዘብ ናቸው። ስለ እነዚህ ብዙ ማሰብ አያሻም፤ የሚሠራቸውም ሰው ጥፋት መሆናቸውን ያውቃል። ባለፈቃድ የአፈር ባለሙያን የሚፈትነው ሌላ ነው። ሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥልቀቱ በትክክል ተለክቷል፣ ቀለሙ በትክክል ተነቧል፣ የላቦራቶሪው ውጤት አልተነካም። የጎደለው አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው።

45 ሴንቲ ሜትር ላይ

አንድ ጉዳይ እንያዝ። የፍሳሽ መስመር በማይደርስበት ቦታ ቤት ሊሠራ ነው። ከሴፕቲክ ታንክ የሚወጣው ፍሳሽ በቦዮች ተከፋፍሎ አፈር ውስጥ እንዲሰርግ ታስቧል። የቦዩ ወለል 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል፤ ደንቡ ደግሞ ከወለሉ በታች ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር በየትኛውም ወቅት ውሃ የማይቆምበት አፈር ይጠይቃል። (ይህ እንደየደንቡ ይለያያል፤ 120 ሴንቲ ሜትር ድረስ የሚጠይቁ አሉ።) ሲደመር 60 ሴንቲ ሜትር ደረቅ አፈር ያስፈልጋል።

መሰርሰሪያው 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ያወጣው አፈር ቡናማ ነው። በቡናማው መሃል ግን ግራጫ ጭረቶች ይታያሉ፤ ዳርና ዳራቸውን ዝገት የመሰለ ብርቱካናማ ቀለም ይዟቸዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። በጋ ነው። ባለቤቱም ይህንኑ ይላል፦ «ይኸው ደረቅ ነው እኮ።»

ግራጫው ቀለም የሚነግረን ግን ያለፈውን ክረምት ነው። ውሃ የአፈሩን ቀዳዳ ሁሉ ሲሞላ አየር ይጠፋል፤ ረቂቅ ተሕዋስያን የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሱና ወደ ብረቱ ይዞራሉ። አፈሩን ቡናማና ቀይ የሚያደርገው ብረት በዚህ ጊዜ ወደሚሟሟ ዓይነት ይለወጥና ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ የሄደበት ቦታ ባዶውን ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ውሃው ሲወርድና አየር በሥር ቀዳዳና በስንጥቅ ሲመለስ የሄደው ብረት ይዝግና ብርቱካናማ ሆኖ ይረጋል። ስለዚህ ሁለቱ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲታዩ ውሃ በየዓመቱ እስከዚህ ድረስ እየወጣ ይመለሳል ማለት ነው። በዚያ ወቅት ከቦዩ ወለል እስከ ውሃው ያለው ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ፍሳሹ ባክቴሪያና ቫይረሱን ጥሎ ለመጣራት በቂ አየር ያለው አፈር አያገኝም፤ ውሃው የሚሄድበት ደግሞ የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ቀለሙ መጽሐፍ እንሂድ። የሙንሴል መጽሐፍ ቀለምን በሦስት ነገር ይለካል፤ በቀለሙ ዓይነት፣ በብሩህነቱና ክሮማ በሚባለው ድምቀቱ። ክሮማው 2 ወይም ከዚያ በታች፣ ብሩህነቱ 4 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ጭረት ብረቱን ውሃ የወሰደበት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። 10 ዋይ አር 5/2 ከሆነ (10 ዋይ አር የቀለሙ ዓይነት፣ 5 ብሩህነቱ፣ 2 ክሮማው ነው) ምልክት ነው፤ 10 ዋይ አር 5/3 ከሆነ አይደለም። በመጽሐፉ ገጽ ላይ ሁለቱ ቀለሞች ጎን ለጎን የተለጠፉ፣ ከጥፍር ብዙም የማይበልጡ ቁራጭ ወረቀቶች ናቸው። የቤቱ ፈቃድ በእነዚህ ሁለት ወረቀቶች መካከል ነው ያለው። ጭረቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ 2ም 3ም አይመስልም፤ መሃል ላይ ይቆማል።

ለእኔ የሙያው ሥነ ምግባር የሚፈተነው እዚህ ነው፤ ማኅተሙ ገና ቢሮ መሳቢያ ውስጥ እያለ። ባለቤቱ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል፤ ምንም አልተናገረም። እጅ ላይ ያለው አፈር ትንሽ ቢደርቅ ይገረጣል፤ ሲረጥብ ይጠቁራል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብርሃኑ ራሱ ስለሚቀላ አፈሩን ቀላ ያደርገዋል። መነጽሩ ጥቁር ከሆነ ሌላ ቀለም ይነበባል። ለዓመታት በጭቃማ እጅ የተገለጠ መጽሐፍም ቀለሙ ይለቃል። ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ሳያጭበረብር፣ ያንኑ አፈር 3 ማድረግ ይቻላል። ትንሽ መጠበቅ ብቻ ይበቃል።

ስለዚህ አሠራሩ አስቀድሞ መቆረጥ አለበት። ከመሰርሰሪያው ላይ የተፋቀውን ሳይሆን አዲስ የተፈረከሰ ጓል መውሰድ፤ ውሃ መርጨትና መምጠጡን ማየት (ሲያብረቀርቅ ውሃው በዝቷል)፤ ፀሐይን በጀርባ አድርጎ መነጽር አውልቆ ማንበብ፤ የጓሉን ፊትና የውስጡን ለየብቻ መጻፍ። ከዚያም ብዛቱ፤ ከ2 በመቶ በታች ከሆነ ጥቂት፣ ከ2 እስከ 20 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ብዙ ይባላል። መሃል ላይ ከቆመ «በ2 እና በ3 መካከል» ተብሎ ይጻፋል። ይህ አሳፋሪ ዓረፍተ ነገር አይደለም። አሳፋሪው ሰኞ ወደ 2፣ አርብ ወደ 3 ማጠጋጋት ነው።

ግራጫ ሁሉ ደግሞ ውሃ አይደለም። አንዳንዱ ከተገኘበት ድንጋይ የወረሰው ቀለም ነው፤ አንዳንዱ ቦታው በቦይ ከመጠንፈፉ በፊት የተፈጠረ የድሮ ታሪክ ነው። የተገላቢጦሹም አለ። በተፈጥሮው በጣም የቀላ አፈር ውሃ ተኝቶበትም ግራጫነትን በቀላሉ አያሳይም፤ ኦክስጅን ይዞ በፍጥነት የሚያልፍ ውሃም ብረቱን ሳይነካው ይሄዳል። ባለሙያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ግን ልብ በሉ፦ «ይህ የድሮ ምልክት ነው» የሚለው ትርጓሜ ለደንበኛው የሚጠቅም ሲሆን ብቻ ትዝ የሚል ከሆነ ዕውቀት መሆኑ ይቀርና ጠበቃነት ይሆናል።

ሁለተኛው ጉድጓድ

እንግዲህ 45 ላይ ግራጫ ታይቷል፤ ባለቤቱም «ከፍ ካለው ቦታ እንሞክር» ብሏል። መቆፈር ይገባል ወይ? ይገባል። ከፍ ያለው ቦታ ውሃው እውነትም ዝቅ ሊልበት ይችላል፤ ቦዮቹን ወደዚያ ማዛወርም ጥሩ መፍትሔ ነው። ጥያቄው የመጀመሪያው ጉድጓድ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

እኔ የምይዘው ሚዛን ይህ ነው፦ ሁለተኛው ጉድጓድ ሐቀኛ የሚሆነው የመጀመሪያው ጉድጓድ ቁጥር 1 ሆኖ ከተጻፈ በኋላ ሲቆፈር ነው። መሬት ላይ፣ በእስክሪብቶ፣ ቦታው በጂፒኤስ ተይዞ፣ ከየሽፋኑ ጋር። ቢሮ ገብቼ እጽፈዋለሁ የተባለ ጉድጓድ አራተኛው ጥሩ ሆኖ ከተገኘ በኋላ «ሙከራ» ይባልና ይረሳል። አራቱ ጉድጓዶች 45፣ 40፣ 50 እና 70 ቢሰጡና ሪፖርቱ 70ን ብቻ ቢይዝ፣ ውሸት የሆነ አንድም ቁጥር የለም። ውሳኔ ሰጪው መሥሪያ ቤት ግን ቦታው ሁሉ 70 መስሎት ይፈርማል። ቦዩ የሚዘረጋበት ሥፍራ ደግሞ አንድ ነጥብ አይደለም፤ 45ቱንም 40ውንም አቋርጦ ያልፋል።

«ያልተጠቀምንበትን ጉድጓድ ማስገባት አንባቢን ያደናግራል» የሚል መከራከሪያ እሰማለሁ። ሙሉ በሙሉ ባዶ ክርክር አይደለም። ድንጋይ ነክቶ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ የቆመ ጉድጓድ አለ፤ የድሮ የቆሻሻ ክምር ላይ የወረደ ጉድጓድ አለ። መፍትሔው ግን መሰረዝ አይደለም። በካርታው ላይ ይቀመጣል፣ በሰንጠረዡ አንድ መስመር ይሰጠዋል፣ ለምን ከትርጓሜው እንደወጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ዓረፍተ ነገሩን ለመጻፍ ከከበደ፣ ምክንያቱ አፈሩ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይባላል። መጀመሪያ አንድ ጉድጓድ ይቀራል፤ ቀጥሎ «ፈተናውን ክረምት ከመግባቱ በፊት እናድርገው» ይባላል። ይህኛው በዋልካ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማየት ያስፈልጋል። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ጣት ያስገባል። የውሃ ስርገት ለመለካት ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ ሲፈስበት ስንጥቁ ይውጠዋል፤ ሰዓት ያዢው ድንቅ ቁጥር ይጽፋል። ያው አፈር ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ስንጥቁ ይዘጋና ውሃው እዚያው ተኝቶ ይቀራል። ለዚህ ነው ሸክላ በሚበዛበት አፈር ላይ ከልኬቱ በፊት ጉድጓዱን በውሃ ሞልቶ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማቆየት የሚያስፈልገው። ተቃራኒውም ስሕተት አለ፤ እርጥብ ሸክላን በመሰርሰሪያ ሲበሱት ግድግዳው እንደተለሰነ ይሆንና ውሃ አያሳልፍም። በቢላ ጫር ጫር ማድረግ ይገባል። ለደንበኛው የሚመቸውን ጉድጓድ መጫር፣ የማይመቸውን መተው ግን ሌላ ነገር ነው። የተጫረውና ያልተጫረው፣ ያደረውና ያላደረው ሪፖርቱ ላይ ሊለይ ይገባል፤ አለበለዚያ ሁለቱ ቁጥሮች አይነጻጸሩም።

ባልዲው ውስጥ የሚጠፋው

ጉድጓድ የሚጠፋው ከማስታወሻ ደብተር ብቻ አይደለም። ባልዲ ውስጥም ይጠፋል።

የተበከለ መሬት ሲመረመር ወጪ ለመቆጠብ ከአምስት ቦታ የተወሰደ አፈር እኩል ተቀላቅሎ እንደ አንድ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ሕጋዊ አሠራር ነው። አራቱ ቦታዎች በኪሎ 50 ሚሊ ግራም እርሳስ አላቸው እንበል፤ አምስተኛው፣ የድሮ ባትሪ ሲፈታበት የነበረው ጥግ፣ 500 አለው። ሲቀላቀል ድምሩ 700፣ ለአምስት ሲካፈል 140። ገደቡ 300 ቢሆን ቦታው «አልፏል»። ልጆች የሚጫወቱት ግን በአማካዩ ላይ አይደለም። ጥጉ ላይም ይጫወታሉ።

ቀናውን መንገድ የሚያውቁት ያውቁታል። ገደቡም ለአምስት ይካፈላል፤ 60 ይሆናል ማለት ነው። ቅይጡ ከ60 ከበለጠ ከአምስቱ አንዱ ከገደብ በላይ ሊሆን ስለሚችል አምስቱ ለየብቻ ይመረመራሉ። 140 በዚህ ሚዛን የማንቂያ ደወል ነው። ይህ እንዲሠራ ግን ከየቦታው የተወሰደው አፈር በየራሱ ከረጢት፣ በየራሱ ቁጥር ተቀምጦ መቆየት አለበት። ሜዳ ላይ አንድ ባልዲ ውስጥ የተደፋ ናሙና ወደኋላ አይመለስም። ነዳጅን የመሰለ የሚተን ነገር ሲጠረጠር ደግሞ ጭራሽ መቀላቀል የለበትም፤ ሲማሰል የሚፈለገው ነገር ራሱ አየር ላይ ይቀራል።

የእርሻ አፈርም ከዚህ አይርቅም። የአንድ ሄክታር የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር 2,600 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከዚያ ላይ ከ15 እስከ 20 ቦታ ተለቅሞ ግማሽ ኪሎ ይላካል፤ ላቦራቶሪው ለኦልሰን የፎስፈረስ ምርመራ ከዚያ ላይ 2.5 ግራም ይወስዳል። እያንዳንዷ ግራም ከ1,000 ቶን በላይ አፈር ወክላ ትናገራለች። ታዲያ ከ20ዎቹ አንዱ ፍግ ተከምሮ ከነበረበት ከተወሰደ ምን እንደሚሆን አስቡት።

እዚህ ላይ ስለ ጥቅም ግጭት አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ብዙ ጊዜ በደፈናው ይነገራልና። ፎስፈረስን ለመለካት ብሬይ የሚባል አሲዳማ ዘዴ አለ፤ ኦልሰን ደግሞ ኖራ ለበዛበት አፈር የተሠራ ነው። ኖራ ባለበት አፈር ላይ ብሬይን ብትጠቀሙ ኖራው አሲዱን ያመክነውና ፎስፈረሱ ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይነበባል። ያነሰ ንባብ ብዙ ማዳበሪያ ያዛል። እንግዲህ ምክሩን የሚሰጠው ባለሙያ ደመወዙን ከማዳበሪያ ሻጭ የሚያገኝ ከሆነ፣ ዘዴውን በስሕተት ይምረጥ ወይም በዕውቀት ገበሬው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ለዚህ ነው ግንኙነቱ ከሥራው በፊት በጽሑፍ የሚገለጸው፣ የዘዴውም ስም ከቁጥሩ አጠገብ የሚጻፈው። «ፎስፈረስ 8» ብቻውን ምንም አይልም።

ማኅተምና ክፍያ

በአሜሪካ እንደ ሰሜን ካሮላይና ባሉ ግዛቶች ለአፈር ባለሙያ ፈቃድ የሚሰጥ ራሱን የቻለ ቦርድ አለ። እጩው የትምህርትና የሥራ ልምድ ማሟያውን ይዞ ፈተና ይቀመጣል፤ አንዱ ክፍል በመሠረታዊ ዕውቀት፣ ሌላው በተግባር ላይ ያተኮረ ነው። ሌላ ቦታ ፈቃዱ በሌላ ስም ይጠራ ይሆናል። ማኅተሙ የሚለው ግን በየትም አንድ ነው፦ ይህን ሥራ እኔ ሠርቼዋለሁ፣ ወይም በእኔ ኃላፊነት ተሠርቷል።

«በእኔ ኃላፊነት» የምትለዋ ሐረግ ብዙ ትሸከማለች። ረዳቱ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ቆፍሮ ደብተሩን ቢሮ አምጥቶ አስረከበ፤ ባለፈቃዱ አንብቦ አተመ። በቂ ነው? አይመስለኝም። የጉድጓዶቹን ቦታ ባለፈቃዱ ራሱ መምረጥ ወይም ቀድሞ ማጽደቅ አለበት፤ ጥቂቶቹን ከረዳቱ ጎን ሆኖ አንብቦ ዓይናቸው መግጠሙን ማረጋገጥ፤ ወሰን ላይ ያሉትን፣ እንደዚያች 2ና 3፣ ራሱ ሄዶ ማየት። ከወንዶች ውስጥ ቀይና አረንጓዴ ለይቶ የማያይ ሰው ብርቅ አይደለም፤ ቀለም በማንበብ በሚተዳደር ሙያ ይህን አለመፈተሽ ለእኔ ቸልተኝነት ነው።

ክፍያ ላይ አጭር ነኝ። «ፈቃዱ ሲጸድቅ እከፍልሃለሁ» የሚል ውል ባለሙያውን የመሬቱ ባለድርሻ ያደርገዋል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እዚህ ነው። ዋጋው በጉድጓድ ብዛት ወይም በቀን ይቆረጥ፤ ውጤቱ ምንም ይሁን ይከፈል፤ ቢቻል ግማሹ ከመሰርሰሪያው በፊት። ስለ ሕንፃ መሠረት የመሸከም አቅም የሚጠየቅ ባለሙያም የመሐንዲስ ፈቃድ ከሌለው «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ማለት አለበት፤ አፈር ስለሆነ ብቻ የእሱ አይሆንም።

ካተሙ በኋላ

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። በዚህ ሙያ እውነት የሚጠራው ከሦስተኛው ክረምት በኋላ ጓሮ ላይ በሚፈስ ሽታ ነው። ግን የበደለው ሁልጊዜ ባለሙያው አይደለም። ጥልቀት የሚለካው ከመሬቱ ገጽ ነው። ምርመራው ካለቀ በኋላ ዶዘር ገብቶ የላይኛውን 20 ሴንቲ ሜትር ቢገፈው፣ 60 የነበረው 40 ሆነ፤ ሪፖርቱ ግን አሁንም 60 ይላል። ስለዚህ ሪፖርቱ ቀኑን፣ የገጹን ሁኔታና «መሬቱ ከተቆረጠ ወይም ከተሞላ ይህ ግምገማ አይሠራም» የሚል ቃል መያዝ አለበት። ደለልና ጭነት አፈር ቀድሞ ተደፍቶበት የነበረ ከሆነም ባለሙያው ልኬቱን ከየትኛው ገጽ እንደጀመረ ይጽፋል።

ስሕተቱ የባለሙያው ሲሆን ደግሞ መንገዱ አንድ ነው። የታተመውን ገጽ በዝምታ መለወጥ አይቻልም፤ የተለወጠው ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደተለወጠ ተጽፎ፣ አዲስ ቀን ተሰጥቶት፣ አሮጌው ለደረሰው ሰው ሁሉ ይላካል። ደንበኛው እንዳይላክ ቢጠይቅስ? የደንበኛ ምስጢር እውነተኛ ግዴታ ነው፤ ሪፖርቱ የተሠራው በእሱ ገንዘብ ነው። ሆኖም የሙያ ሥነ ምግባር ደንቦች የሕዝብን ጤናና ደኅንነት ከደንበኛ ጥቅም በላይ የሚያስቀምጡት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። አካሄዱ ደረጃ አለው፤ አደጋውን ለደንበኛው በጽሑፍ ማስታወቅ፣ የሚያስተካክልበት የተወሰነ ቀን መስጠት፣ ያ ካለፈ ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ። ከቁልቁለቱ በታች የሚጠጣ ውሃ ካለ ቀኑ አጭር ይሆናል።

«ሌላ ጉድጓድ እንሞክር» ያለውን ሰው በተመለከተ፣ ሪፖርቱን የመጠቀምም ያለመጠቀምም መብት አለው፤ ሌላ ባለሙያ መቅጠርም ይችላል። ጉድጓድ ቁጥር 1ን ማስወጣት ግን አይችልም። ለዚያ ጉድጓድ ሪፖርቱ ላይ የሚያስፈልገው አንድ መስመር ነው፦ «ቁጥር 1፤ ከ0 እስከ 45 ቡናማ፤ 45 ላይ ግራጫ ጭረት፣ መካከለኛ ብዛት፣ 10 ዋይ አር፣ ብሩህነት 5፣ ክሮማ በ2 እና በ3 መካከል፣ ዳሩ ላይ ብርቱካናማ፤ ውሃ አልታየም፤ በጋ።» ከዚያ አፈሩ እንደ አወጣጡ ተገላብጦ ይመለሳል፤ የታችኛው ከታች፣ የላይኛው ከላይ፣ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ እየተጠቀጠቀ።